ባለ ኦርጋኑ በራፍ ላይ የሰማው

ከማስታወሻ ደብተሬ፤ ኅዳር 4

የምልከውን ዕቃ ሁሉ እንደምመዘግብ፣ የምልከውንም ደብዳቤ ገልብጬ አስቀራለሁ። የሚመጣውን ደግሞ እዚሁ እለጥፋለሁ። ሰው የጻፈውን ይረሳል፤ የተጻፈለት ግን አይረሳም። የዛሬው ውጭ አገር ላለችው ለጋሼ የእህት ልጅ የተጻፈ ነው። ጋሼ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ እሷን ያሳደጓት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ናቸው።

ኅዳር 4

ለተከበርሽው እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ፣ ባለቤቴም ልጆቹም ሱቁም፣ ደኅና ነን። ፈጣሪ በወጣሽ በገባሽበት ይጠብቅሽ፤ እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጋሼ የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ለተማሪዎቻቸው የጻፉትን «ባለ ኦርጋኑ» የሚባለውን ትንሽ መጽሐፍ ታስታውሺዋለሽ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረው ስለዚያ ታላቅ ኦርጋን መቺ የሚተርከውን ማለቴ ነው። ያኔ በማባዣ ተባዝቶ፣ በእጅ ተሰፍቶ ነበር የወጣው። አሁን በወጉ አሳትመዋለሁ። ወረቀቱ ከእኔ ሱቅ፣ ቃሉ ከእሳቸው። አታሚው ጎረቤቴ ስለሆነ የእርሳስ ፊደል እየለቀመ መደርደር ጀምሯል።

የቸኮልሁበትን አልደብቅሽም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «የምታስደስቷቸው ነገር ካለ ክረምቱን አትጠብቁ» ብሎኛል። ልባቸው ደክሟል። ዓይናቸውም ስለደበዘዘ ማክሰኞና ዓርብ እየሄድሁ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አእምሯቸው ግን ምላጭ ነው። ትናንት አንድ ቃል ብዘል «ነጋዴው፣ ሚዛን ላይም እንዲህ ነው የምታደርገው?» አሉኝ።

ከአንቺ የምፈልገው ይህን ነው። እኔ ስለ ወረቀት እንጂ ስለ ሙዚቀኛ አላውቅም። ጋሼ ደግሞ መጽሐፉን የጻፉት ከሦስት አሮጌ መጻሕፍትና ከራሳቸው ጭንቅላት ነው፤ የቱ ከየት እንደመጣ ብጠይቃቸውም አይነግሩኝም። አንቺ የምትሠሪው የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የሰውየውን ታሪክ አጣሪልኝ፤ መቼ እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ። ስሕተት ያለበት ዕቃ አንዴ ከሱቅ ከወጣ ሰው የሚያስታውሰው ስሕተቱን ብቻ ነው። የጋሼ ስም እንደዚያ እንዲታወስ አልፈልግም።

የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ ሁለት ገጾች አብሬ ልኬአለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 21

ወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ከደጃፍህ እስከ ጓዳህ ድረስ ይግባ። ባለቤትህን ሳምልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ፤ እትዬን ደግሞ ጉልበቷን ሳምልኝ። ጋሼን የሚንከባከበው የእሷ እጅ ስለሆነ እጇንም ጨምርበት። እኔ ደኅና ነኝ። የምሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ሙጫ፣ መርፌ፣ ክርና የሚጫን ብረት አለኝ። ሥራዬ የተቀደደ መጽሐፍ መጠገን እንጂ ማንበብ አይደለም። ስለዚህ አለቃዬን መጠየቅ ነበረብኝ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ሳቅ የምትቆጥብ ሴትዮ ናት። «ስለዚህ ሰው የሚጠይቀኝ ሞልቷል፤ በምሳ ሰዓቷ የምትጠይቀኝ ጠጋኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለችኝና አንድ ጋሪ ሙሉ መጽሐፍ ገፋችልኝ።

እስካሁን ያገኘሁት ይህን ነው። ጋሼ፣ ባለ ኦርጋኑ የተወለደው ማርች 21 ነው ብሏል፤ አንዱ መጽሐፍ 31 ይላል። ልጁ በዐሥር ዓመቱ እናት አባቱን አጥቶ ታላቅ ወንድሙ ቤት ማደጉ ልክ ነው። ወንድሙ የቆለፈበትን የሙዚቃ ጥራዝ በቁም ሣጥኑ ፍርግርግ እያወጣ በጨረቃ ብርሃን ስድስት ወር መቅዳቱም ተጽፏል። ነገር ግን ጋሼ «ወንድሙ ደርሶበት የቀዳውን አቃጠለበት» ይላል። አላቃጠለም፤ መጻሕፍቱ የሚሉት ወሰደበት ነው። ሌላው፣ ጐልማሳ ሆኖ አንድ ሽማግሌ ኦርጋን መቺ ለመስማት በእግሩ ረጅም መንገድ ሲሄድ ከአለቆቹ የጠየቀው ፈቃድ የአራት ሳምንት ነበር። ጋሼ ስድስት ወር ቆየ ይላል፤ መዝገቡ የሚለው አራት ወር ያህል ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥያቄ መልስልኝ። ልምጣ ወይ? ዕረፍቴ ሰኔ ላይ ነው፤ ብለምን የካቲት ላይ ይሰጡኛል። ጋሼን በሕይወት ማየት እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ እውነቱን ጻፍልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 6

እህቴ ሆይ፣

ደብዳቤሽ በሰላም ደረሰኝ፤ አንቺንም ሰላም ያግኝሽ። የእትዬን ጉልበት ስሜአለሁ። «ከንፈርህ ሙጫ ሙጫ ይላል፣ ከሷ ነው እንዴ የመጣኸው?» አሉኝ።

ትናንት ወረቀትሽን ለጋሼ አነበብሁላቸው። እንደ ነበረ ልንገርሽ። የልደቱን ቀን ገና ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱ።

«ሁለቱም ልክ ነው። ያኔ የሱ ከተማ በአሮጌው አቆጣጠር ነበር የሚሄደው፤ ከአዲሱ ዐሥር ቀን ወደ ኋላ። እናቱን ብትጠይቃት ሃያ አንድ ነው የምትልህ። ወላዷ ከተናገረች ካላንደር ሠሪ ምን አገባው?»

ስለዚህ ሃያ አንድ ይቆያል፤ ሌላውን ከገጹ ግርጌ እናስገባለን። ስለ ወንድሙ ግን ተከራከርን።

«ወሰደበት እንጂ አላቃጠለበትም ትላለች» አልኋቸው።

«መለሰለት?»

«ለብዙ ዘመን አልመለሰለትም።»

«እንግዲያው አቃጠለበት። የልጅ የስድስት ወር ልፋት ወስዶ ያልመለሰ ሰው እሳት ካልተባለ ምን ይባላል?»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ምሳሌ ነው። እሷ የምትለው የሆነውን ነው።»

«አንተ ወረቀትህን ሽጥ።»

ስለ ፈቃዱም እጅ አልሰጡም። «የመንገዱን ጊዜ ቆጥራዋለች? ሰውየው በእግሩ ነው የሄደው» አሉ። እኔ በበኩሌ አራት ሳምንት ጠይቆ አራት ወር የሚጠፋ ሠራተኛ ቢኖረኝ በአምስተኛው ሳምንት ቦታውን ለሌላ እሰጥ ነበር አልሁ። «ለዚህ ነው የሱቅህ ሰዎች ኦርጋን የማይመቱት» ብለው መለሱልኝ። እትዬ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እንደ እኔ ሐሳብ ሰኔን ጠብቂ። በልመና የተወሰደ ፈቃድ በኋላ ሥራሽ ላይ ይቆጠርብሻል። ሐኪም ደግሞ እንደ ነጋዴ ነው፤ መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ነው የሚጠራው። ጋሼ እንዲህ እየተሟገቱ የትም አይሄዱም።

እስከ መጨረሻው ያሉትን ገጾች ልኬልሻለሁ። ቀናሽ ይባረክ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 24

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቤትህ ይሙላ፤ ክፉ አይንካችሁ። ሰኔን ጠብቂ ካልክ እጠብቃለሁ። ከእኔ ይልቅ አንተ ትቀርበዋለህ፤ ዓይንህን አምኛለሁ።

የባለ ኦርጋኑን ልጆች ቆጥሬአቸዋለሁ። ጋሼ ሃያ አንድ ይላል። ከመጀመሪያዋ ሚስቱ ሰባት፣ ከሁለተኛዋ ዐሥራ ሦስት፤ ሃያ ናቸው። ግማሾቹ ሳያድጉ ሞተዋል። አለቃዬ «ሃያ አንደኛውን ከየት አመጣው?» አለችኝ። «መምህር ነበር፤ ምናልባት ከተማሪዎቹ አንዱን ጨምሮ ይሆናል» አልኳት። ያኔ ብቻ ነው ስትስቅ ያየኋት።

ያስቸገረኝ ዐሥራ ዘጠነኛው ገጽ ነው። ጋሼ እንዲህ ይላል፤ «ባለ ኦርጋኑ ከጌታው ጋር በሩቅ ከተማ ሳለ የሚስቱን መታመም ሰማ። ፈረስ እየለወጠ ገሠገሠ። ለቀብሯም ደረሰ፤ እጁንም በአፈሩ ላይ አሳረፈ።» የትም ብፈልግ እንዲህ የሚል አጣሁ። እሱ ሲሞት የተጻፈውን፣ የገዛ ልጁ እጅ ያለበትን ታሪክ አለቃዬ ቃል በቃል አነበበችልኝ። ሲሄድ በጤናዋ ነው የተዋት። ሲመለስ ሞታ ተቀብራ ነው ያገኛት። መታመሟንም መሞቷንም መጀመሪያ የሰማው ወደ ቤቱ ሲገባ ነው። ደብዳቤ አልደረሰውም፤ ፈረስም አልለወጠም።

ይህ እንደ ልጆቹ ቁጥር አይደለም። መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። ጋሼን ቀስ ብለህ ጠይቅልኝ።

እህትህ

ጥር 9

እህቴ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። እኛ ደኅና ነን። ጋሼ ትንሽ ሳል ጀምሯቸዋል፤ ከአልጋ የሚነሡት ለምሳ ብቻ ነው። በሃያና በሃያ አንድ ላይ ግን ሩብ ሰዓት ተሟግተውኛል። «ቆጥራ ነው?» «ቆጥራ ነው።» «እንግዲያው አንዱ ቆጠራ ላይ ተኝቶባት ነው።»

ባለፈው ዓርብ ዐሥራ ዘጠነኛውን ገጽ አነሣሁ። የላክሽውን አንዴ አነበብሁት፤ አልተሟገቱም። ድገመው አሉኝ፤ ደገምሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል «ያን መስመር እንዳለ ተዉት። ለምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች» አሉ። እትዬ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ይህን ሰምተው ወጡ።

እኔ አልገባኝም፤ አልጠየቅሁምም። የሰው ዕቃ ሳይፈቀድልኝ አልከፍትም። አንቺ ካወቅሽው ምን ላድርግ? አታሚው ሌላውን ገጽ ሁሉ ጨርሷል፤ ያን አንዱን እየጠበቀ ነው።

ወንድምሽ

ጥር 27

ወንድምዓለም፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰባት ቀን ሆነው። መልሱ የዘገየው ቃል ሲጠፋብኝ ነው።

አንተ ያኔ በንግድ ሩቅ ስለነበርክ አታውቀውም። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ በሌላ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እናቴ ታመመች። ጋሼ ፈተና ላይ ነች ብሎ አልጻፈልኝም። ሞተች፤ አሁንም አልጻፈልኝም። ትምህርት ሲዘጋ የፈተና ውጤቴን በእጄ ይዤ፣ አንደኛ ወጣሁ ልላት እየሮጥኩ መጣሁ። በሩ ላይ የቆመው ጋሼ ነበር። ከተቀበረች አምስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ክረምቱን ሙሉ አላናገርኩትም። መጽሐፉን የጻፈው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ያን ገጽ በልጅነቴ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደ ጻፈው ግን የገባኝ ያንተን ደብዳቤ ሳነብ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለእሱ አንብብለት።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ አዝኜብህ ነበር፤ ዛሬ ግን ቂም የለኝም። ሰውየውን ለሚስቱ ቀብር ያደረስከው ለእኔ ብለህ እንደሆነ አወቅኩ። ግን አልደረሰም ጋሼ፣ እኔም አልደረስኩም። እንደ ሆነው ብትጽፈው አያስከፋኝም። እሱ በራፍ ላይ ከሰማ በኋላ ገብቶ እዚያው ቤት ኖሯል፤ ልጆቹንም አሳድጓል። እኔም ገብቼ እዚያው ቤት ነው ያደግኩት፤ ያሳደግከኝም አንተ ነህ። በሃያው ልጆች ላይ ግን አልለቅህም።

መልሱን ጻፍልኝ፤ የተናገረውን ሳታሳጥር።

እህትህ

ከማስታወሻ ደብተሬ፤ ሐሙስ የካቲት 10

ከላይ የተለጠፈው ደብዳቤ ዛሬ ከሰዓት በፊት ሱቅ ደረሰኝ። ቆሜ አነበብሁት፤ ከዚያ ተቀምጬ አነበብሁት። ልነሣና ልሄድ ነበር። አታሚው የመጨረሻውን የማረሚያ ገጽ ነገ ጠዋት እሰጥሃለሁ ብሏል፤ ነገም የንባብ ቀኔ ነው። አንድ መንገድ፣ ሁለት ጉዳይ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ዓርብ የካቲት 11

ሦስት ሰዓት ላይ ገጹንና ደብዳቤውን ይዤ ስደርስ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ጋሼ ንጋት ላይ አርፈዋል።

ሰኞ የካቲት 14

ከቀብሩ በኋላ ዘመድ ተሰበሰበ። ቴሌግራም እናድርግላት አልሁ። እትዬ አልተቀበሉም። «ብቻዋን በሰው አገር፣ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? ሰኔ ስትመጣ እዚሁ በመሀላችን ትሰማለች» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአሁኑ የሚያስኬድ ነገር መሰለኝ። ችግሩ የጀመርነው መጽሐፍ ነው፤ መጻፍ ካቆምሁ ታውቃለች። ስለዚህ እጽፋለሁ።

የካቲት 20

ለተከበርሽው እህቴ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ጋሼም ሰላምታ ይልኩልሻል።

ደብዳቤሽን አነበብሁላቸው፤ በጣም ደስ አላቸው። እርማቶችሽን በሙሉ ተቀብለዋል። ልጆቹ ሃያ ይሁኑ ብለዋል። «አቃጠለ» ወጥቶ «ወሰደ» ገብቷል። ስድስት ወር የነበረው አራት ወር ያህል ሆኗል። ዐሥራ ዘጠነኛውም ገጽ አንቺ እንዳልሽው እንዲስተካከል ተስማምተዋል። አታሚው በቅርቡ ያትማል። ሰኔ ስትመጪ መጽሐፉ ይጠብቅሻል።

ሥራ ስለበዛብኝ አሳጠርሁ፤ አትቀየሚኝ።

ወንድምሽ

ከማስታወሻ ደብተሬ፤ መጋቢት 19

ከእሷ ምንም የለም። ደብዳቤዬ ደርሷት፣ ጽፋ፣ መልሱ እስካሁን መድረስ ነበረበት። አታሚው «ላትም ወይስ ፊደሉን ላፍርስ? ጠረጴዛዬ ተይዟል» አለኝ። ጠብቅ አልሁት። 

ሚያዝያ 2

ወንድምዓለም፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን።

ጋሼ መቼ አረፈ?

ማን ነገራት ብለህ ሰው አትጠርጥር። የነገርከኝ አንተ ነህ። ጋሼ ከሰው ጋር ተስማምቶ አያውቅም። የግድግዳ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይቀድማል ስለው «ከተማው ነው የዘገየው» ያለኝ ሰው ነው። በአራት እርማት፣ ባንድ ቀን፣ አንዲት ተረብ ሳይወረውር ተስማማ ብለህ ጻፍክልኝ። የተናገረውን ሳታሳጥር ብዬህ ነበር፤ አንድ ቃሉን እንኳ አልጻፍክም። መጀመሪያ ደክሞህ ነው አልኩ። ሁለተኛ ሳነበው ታሞ ይሆናል አልኩ። ሦስተኛ ሳነበው አወቅኩ።

ይህን ሁሉ ሳምንት ያልጻፍኩት እኔ እስካልጠየቅኩ ድረስ አልሞተም ብዬ ነው። ሥራ እሄድ ነበር። አለቃዬ ግን በሁለት ሳምንት የሰፋሁትን ሁሉ አይታ እንደገና አስፈታችኝ፤ ገጾቹን አቀያይሬ ሰፍቼአቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያልኩት ለእሷ ነው።

ለምን እንደደበቃችሁኝ ይገባኛል፤ የእትዬ ሐሳብ እንደሆነም አውቃለሁ። ደግነት ነው። የጋሼም ያኔ ደግነት ነበር። አሁን ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

ሦስት መቶ ዓመት ስላለፈው፣ ስለማንዛመደው ሰው የልጆቹን ቁጥር እንኳ ያጣራን ሰዎች ነን። የጋሼንም እንደዚያው አጣርተህ ጻፍልኝ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ ምን ተናገረ፣ የት አረፈ። ደብዳቤዬን አነበብሁላቸው፣ ደስ አላቸው ብለሃል። እውነት ነው? ሌላውን ሁሉ ብታለሳልሰው ይቅር እልህ ይሆናል። ይህን አንዱን ግን ለእኔ አዝነህ አትመልሰው።

መጽሐፉን ደግሞ አቁም። ያልተስማማበትን ተስማማ ብለን አናትምም።

እህትህ

ሚያዝያ 13

እህቴ፣

መጽናናትን ፈጣሪ ይስጥሽ። ከሁለት ወር በፊት ልልሽ የሚገባኝ ቃል ይህ ነበር።

ማስታወሻዬን ከፍቼ፣ እትዬንም ዳግመኛ ጠይቄ ነው የምጽፍልሽ። ለእትዬ ደብዳቤሽን ሳነብላቸው አለቀሱ፤ «ጻፍላት፣ እኔ ነኝ ያልኩት በላት» አሉ። ዝም ያልሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጋሼ ያረፉት ዓርብ የካቲት 11 ነው፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። እትዬ ሰዓቱን ያዩት ከግድግዳው ሰዓት ስለሆነ አምስት ደቂቃ ቀንሺለት። አጠገባቸው እትዬ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሌሊቱን ደኅና ተኝተዋል። ሲነቁ መስኮቱን አስከፈቱ። «ዛሬ ዓርብ ነው?» አሉ። እትዬ አዎ አሏቸው። «ነጋዴው ይመጣል» አሉ። ቆየት ብለው «ከልጅቱ ምን መጣ?» ብለው ጠየቁ። እትዬ «ምንም አልመጣም» አሏቸው። «ስትናደድ ነው ቶሎ የምትጽፈው» አሉ። «ከዘገየች አልተናደደችም ማለት ነው።» ከዚያ ውሃ ፈለጉ። እትዬ ውሃውን ይዘው ሲመለሱ አልፈዋል። ሥቃይ አላዩባቸውም። ያረፉት ከእናትሽ ጎን ነው፤ በግራ በኩል።

አሁን የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። ደብዳቤሽን አላነበብሁላቸውም። የደረሰኝ ሐሙስ፣ ጋሼ ሊያርፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በፊት ነበር። ከሱቄ እስከ ጋሼ ቤት በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። በማግሥቱ የምወስደው የማረሚያ ገጽ ስለነበረ አንድ መንገድ ለማትረፍ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አሳደርሁት። እትዬ «ምንም አልመጣም» ሲሏቸው እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እትዬ አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ነው የነገርኋቸው።

የካቲት ላይ ልምጣ ብለሽኝም ነበር። ሰኔን ጠብቂ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለውን ሰምቼ፣ የሰማሁትን በራሴ ሚዛን አቅልዬ ነው።

ይህን ክፍል ልተወው አስቤ ነበር። ብተወው ማንም አያውቀውም። ሠላሳ ዓመት ስነግድ የጎደለ ዕቃ ሙሉ ነው ብዬ ለሰው አስረክቤ አላውቅም። ለአንቺ ግን የካቲት 20 አስረክቤሻለሁ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ስለ መጽሐፉ ያሰብሁትን ልንገርሽና አንቺ ወስኚ። የጋሼ ቃል ሁሉ እሳቸው እንደ ጻፉት ይቀመጥ። አንቺ ያጣራሽው ከየገጹ ግርጌ ይግባ። ከሥሩ «ደራሲው በዚህ እርማት አልተስማሙም» ይባል። በወንድሙ፣ በፈቃዱና በልጆቹ ቁጥር ላይ ይህ እውነት ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ገጽ ግን እንዲህ ማለት አንችልም። እዚያ ላይ «መልሳቸውን ሳይሰጡ አረፉ» ብቻ እንበል።

አታሚው ፊደሉን አላፈረሰም። ጠረጴዛውን ተከራይቼዋለሁ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 28

ወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ እትዬንም አጽናናልኝ።

ደብዳቤህን ምድር ቤት፣ ሙጫ ሲደርቅ እየጠበቅኩ አነበብኩት። ስለ መሳቢያው የጻፍከውን ሳነብ ተነሥቼ ወጣሁ። ደጅ ብዙ ቆየሁ። አዝኜብሃለሁ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍልህም። ነገር ግን ይህን ከአንተ በቀር ሊነግረኝ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ነገርከኝ።

ጋሼ ስለ እኔ ያለው ልክ ነው። አልተናደድኩም ነበር። የዘገየሁት ለዚያ ነው። እዚያ ላይ የማርመው ነገር የለኝም።

የግርጌ ማስታወሻው አንተ እንዳልከው ይሁን። ለዐሥራ ዘጠነኛው ገጽ የጻፍከውንም ተቀብያለሁ። አለቃዬ ሰኔን አትጠብቂ ብላ ፈቃዱን ራሷ አስፈርማልኛለች። ረቡዕ ግንቦት 10፣ በምሳ ሰዓት እደርሳለሁ። የማረሚያውን ገጽ አዘጋጅልኝ፤ ሳላየው እንዳይታተም።

እትዬ በሩ ላይ ቆማ እንዳትጠብቀኝ ንገራት። የምትነግረኝ ነገር የለም። ውስጥ ትቀመጥ፤ ገብቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

እህትህ